የሲፕሪ የመረጃ ቋት፦ ከጅማ የቀረበ የተጠቃሚ ግምገማ

በጅማ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጁ የሕግና የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች ስለ ጦር መሣሪያ ንግድና ስለ ወታደራዊ ወጪ መረጃ ከየት እንደሚገኝ በተጠየቅኩ ቁጥር አስቀድሜ የምጠቁመው የስቶክሆልም ዓለም አቀፍ የሰላም ምርምር ተቋምን፣ በአጭር ስሙ ሲፕሪን ነው። የስዊድን ፓርላማ ተቋሙን በ1966 (ከአገራችን አዋጅ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያቋቋመው አገሪቱ ያለ ጦርነት ያሳለፈችውን 150 ዓመት ለማሰብ ሲሆን፣ ዛሬም ከበጀቱ ጉልህ ክፍል የሚመጣው ከስዊድን መንግሥት ነው። ስዊድን ራሷ መሣሪያ ሻጭ መሆኗ ግን በሰንጠረዡ ውስጥ ከሌሎቹ ሻጮች እኩል ተመዝግቦ ይገኛል።

አገልግሎቱ ክፍያም ምዝገባም አይጠይቅም። የሚወርዱት ሰንጠረዦች ቀላል ስለሆኑ፣ ኔትወርኩ በሚያስቸግርበት ሰዓትም ሄርማታ አካባቢ ካለ ቡና ቤት በስልክ ዳታ ማውረድ ይቻላል። ከ1950 ጀምሮ ያለውን የመሣሪያ ዝውውር ቋት ከፍቶ ተቀባይዋን ኢትዮጵያ ያደረገ ሰው ሻጩን አገር፣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ የታዘዘበትንና የደረሰበትን ዓመት፣ ብዛቱንና አጭር ማብራሪያ በየረድፉ ያገኛል፤ ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ወቅት ከሩሲያ የመጡት ሱ-27 ተዋጊ አውሮፕላኖች አሉ፣ ከዩክሬን የተገዙት ቲ-72 ታንኮችም አሉ። በግምት የተሞላው ቁጥር ግምት መሆኑ ተለይቶ መታየቱ የተቋሙን ጨዋነት ያሳያል።

ተማሪው በብዛት የሚሳሳተው የዝውውሩን መጠን ሲያነብ ነው። በሚሊዮን የሚጻፈው አኃዝ ዶላር ይመስላል፤ ሆኖም የተከፈለ ገንዘብ ሳይሆን፣ የአንዳንድ መሣሪያዎችን የታወቀ የማምረቻ ወጪ መነሻ አድርጎ የተላለፈውን ወታደራዊ አቅም የሚለካ የተቋሙ የራሱ መስፈሪያ ነው። በሌላ ሠራዊት ያገለገለ መሣሪያ የአዲሱን 40 በመቶ ዋጋ ይይዛል፤ ሻጩ ከማስረከቡ በፊት በደንብ አድሶት ከሆነ ደግሞ 66 በመቶ ይሰጠዋል። ስለዚህ መሣሪያው በእርዳታም ይምጣ በውድ ዋጋ ይገዛ፣ አኃዙ ያው ነው። ይህን ቁጥር ከአገር ውስጥ ምርት ጋር አካፍሎ መቶኛ የሚያወጣ ጽሑፍ መሠረቱ የተናጋ ነው።

መቶኛ የሚፈልግ ሰው ከ1949 ወዲህ ያለውን የወታደራዊ ወጪ ቋት ይክፈት። እዚያም ቢሆን ዓምዱን መምረጥ ይገባዋል። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በወቅቱ ምንዛሪ የተሰላው የዶላር ዓምድ በጀቱ በብር ሳይቀነስ እንኳ የቀነሰ ሊያስመስለው ስለሚችል፣ ከአገር ውስጥ ምርት ያለውን ድርሻ ማየት ይሻላል።

ትልቁ ቅሬታዬ ሌላ ነው። የዝውውር ቋቱ የሚመዘግበው አውሮፕላን፣ መርከብ፣ ታንክ፣ ሚሳይልና ከባድ መድፍ የመሳሰለውን ዋና ዋና መሣሪያ ነው፤ ክላሽና ሽጉጥ የሉበትም። ተቋሙ ወሰኑን በግልጽ ስለሚናገር አታሎናል አይባልም፤ ነገር ግን ስለ እኛ አካባቢ ግጭት የሚጽፍ ሰው የሚፈልገው በአብዛኛው ያንኑ የጎደለውን ነው። ጄኔቫ የሚገኘው የቀላል መሣሪያዎች ጥናት ተቋም በ2017 በዓለም ከነበረው ከ1 ቢሊዮን በላይ ቀላል መሣሪያ 857 ሚሊዮን ያህሉ በሲቪሎች እጅ እንደነበረ ገምቷል። በመሆኑም ክፍተቱን በዚህ ተቋም ጥናቶች፣ የአካባቢያችን አገሮች ቀላል መሣሪያን ለመቆጣጠር በተስማሙበት በናይሮቢ ፕሮቶኮልና በእኛው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሙላት ግድ ይላል።

ሲፕሪ በየዓመቱ ስለሚያወጣው የዓመት መጽሐፍ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሙሉው በገንዘብ ይሸጣል፣ አጭሩ ቅጂ በነጻ ይወርዳል፣ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪም አጭሩ ይበቃዋል። በአማርኛ ቢዘጋጅ ደግሞ ደስታውን አልችለውም።

ለመሣሪያ ዝውውርና ለወታደራዊ ወጪ ከዚህ የተሻለ ነጻ አገልግሎት አላየሁም። ተቋሙ አዲስ መረጃ ሲያገኝ ያለፉትን ዓመታት ጭምር ስለሚያርም፣ የሁለት የተለያዩ ዓመታት ቅጂዎችን አኃዝ በአንድ ሰንጠረዥ መቀላቀል አይገባም፤ በግርጌ ማስታወሻው ላይም መረጃው የወረደበት ቀን ይጻፍ።