ሊቢ ለአበሻ አንባቢ፦ ካርዱ ነጻ ነው፣ ፍለጋው ብልሃት ይጠይቃል

ሊቢ የቤተ መጻሕፍት ካርድ ላለው ሰው ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍና ትረካ (በድምፅ የተነበበ መጽሐፍ) በነጻ የሚያዋስ የስልክ መተግበሪያ ነው። አሜሪካ፣ ካናዳና እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩበታል። እዚህ የሚመዘነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ትውልዳቸው ከኢትዮጵያ ሆኖ በእንግሊዝኛ የሚጽፉ የዘመናችን ደራስያንን ለማንበብ ይሆናል ወይ? ይሆናል። በአገር ስም ከፈለጋችኋቸው ግን ብዙዎቹ ያመልጧችኋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መፈለጊያው ላይ «ኢትዮጵያ» ብላችሁ ስትጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የጉዞ መመሪያ፣ የምግብ አሠራርና የታሪክ መጽሐፍ ይግተለተላል። ካታሎጉ (የመጻሕፍቱ ዝርዝር) የሚደረድረው በመጽሐፉ ዘርፍ እንጂ በጸሐፊው ትውልድ አይደለም፤ የእኛዎቹ ደግሞ እንጀራቸው ለየቅል ነው። ዶክተር አብርሃም ቨርጊዝን እንውሰድ። በ1955 አዲስ አበባ ከሕንዳውያን መምህራን ተወለዱ፤ እዚያው የጀመሩት የሕክምና ትምህርት በአብዮቱ ተቋረጠ፤ አሜሪካ ውስጥ በሆስፒታል ረዳትነት ሠርተው፣ ሕንድ ሄደው ሐኪም ሆኑ። ቴኔሲ ውስጥ የኤድስ ሕሙማንን ሲያክሙ ቆይተው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ድርሰት ተማሩ። ዛሬ ስታንፎርድ ያስተምራሉ። በ1994 የወጣው የመጀመሪያ መጽሐፋቸው ከሕክምናና ከሕይወት ታሪክ ጋር ይቀመጣል፤ አዲስ አበባ ባለ የሚሲዮን ሆስፒታል የሚያጠነጥነው «ካቲንግ ፎር ስቶን» ከልቦለድ ጋር። አንድ ሰው፣ ሁለት መደርደሪያ።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። አይዳ እደማርያም የእንግሊዙ ጋዜጣ የጋርዲያን ጋዜጠኛ ናት፤ ስለ ጎንደሬዋ አያቷ የጻፈችው መጽሐፍ ሕይወት ታሪክ ውስጥ ነው። ለምን ሲሳይ ገጣሚ ነው፣ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቻንስለርም ነበር፤ በማደጎና በሕፃናት ማሳደጊያ ስላለፈበት ልጅነት የጻፈውን ራሱ ያነበበው ትረካ አለ። ሜሮን ሀደሮ ዬል ሕግ ተምራ ወደ አጭር ልቦለድ የዞረች ናት፣ በ2021 ለአፍሪካ አጭር ልቦለድ የሚሰጠውን የኬይን ሽልማት በማግኘት ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ። የጅጅጋው ነጋ መዝለቂያ መሐንዲስ ነው፣ በ2000 የካናዳን የገቨርነር ጄኔራል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ወስዷል። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ደራሲ» ብላችሁ ከመልፋት ስም ይዛችሁ ግቡ።

ስሙም ራሱ ወጥመድ አለው። መፈለጊያው የፊደል ስሕተትን ሁልጊዜ አያልፍም፤ እኛ ደግሞ አንዱን ስም በአምስት ዓይነት የላቲን ፊደል እንጽፋለን። ሁለቱን ልቦለድ ጸሐፊዎች እንውሰድ፦ ዲናው መንግሥቱ ላይ ከ«ጂ» (g) ቀጥሎ የሚመጣው «ኢ» (e) ነው፤ መዓዛ መንግሥቴ ላይ «አይ» (i) ነው። «መዓዛ» የሚለው ስም ላይ ደግሞ ከ«ኤም» (m) ቀጥሎ «ኤ» (a) ሁለት ጊዜ ይደገማል። ብዙ ሰው «መጽሐፏ የለም» ብሎ የሚተወው በአንዲት ፊደል ነው። መፍትሔው የደራሲውን የአባት ስም ትቶ የራሱን ስም ብቻ በትክክለኛው ፊደል መጻፍ ነው፤ «ዲናው» ወይም «መዓዛ» የሚባል ሌላ ደራሲ ስለማይበዛ ወዲያው ይወጣል።

ዲናው ላይ ሌላም ነገር አለ። ዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ስላለው ኢትዮጵያዊ ባለሱቅ የሚተርከው የ2007 ልቦለዱ አሜሪካ ውስጥ የወጣበት ርዕስ እንግሊዝ ውስጥ ከወጣበት የተለየ ነው። ለንደን ያለ ሰው በአሜሪካው ርዕስ ቢፈልግ ላያገኘው ይችላል፤ ሁለቱን ሁለት መጽሐፍ መስሎት ሁለቴ ወረፋ የሚይዝም ይኖራል።

በአማርኛ የሚጽፉትን በእንግሊዝኛ ትርጉም መቅመስ ለሚፈልግ፣ መዓዛ ያሰናዳችው «አዲስ አበባ ኑዋር» (2020) ከሁሉ ይሻላል። አዳም ረታና በዕውቀቱ ሥዩም እዚያ አሉ። ግን በአሰናጇ ስም ፈልጉት፤ ካታሎጉ የስብስብ መጽሐፍን ተሳታፊዎች ብዙ ጊዜ አይዘረዝርም፣ «አዳም ረታ» ብትሉ ባዶ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ወደ ወረፋው። ቤተ መጻሕፍቱ አንዱን የዲጂታል ቅጂም አብዛኛውን ጊዜ እንደ ወረቀት መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚያውሰው። አንድ ቅጂ ላይ 10 ሰው ቢጠብቅና ውሰቱ 21 ቀን ቢሆን፣ ሁሉም እስከ መጨረሻው ቀን ከያዙት 210 ቀን፣ ማለትም 30 ሳምንት ነው። ቀድሞ የሚመልስ ስላለ ያጥራል እንጂ መነሻ ስሌቱ ይኸው ነው። ስለዚህ የሁለት ቤተ መጻሕፍት ካርድ ማውጣት ከቻላችሁ ሁለቱንም እዚያው መተግበሪያ ላይ አስገቡና አጭሩን ወረፋ ያዙ። ዋሽንግተን አካባቢ የጎረቤት ካውንቲ ነዋሪም ካርድ የሚያገኝበት ስምምነት አለ፤ ዲጂታሉን ያካትት እንደሆነ ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ተራችሁ ሲደርስ ለመወሰን 3 ቀን ነው ያላችሁ። ካልተመቻችሁ ዝም አትበሉ፤ ማድረሻውን ወደ ሌላ ቀን አሻግሩት፣ ተራችሁን አታጡም።

የዶክተር አብርሃም የ2023ቱ ልቦለድ የአሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን አቅራቢ የኦፕራ ዊንፍሪ የመጻሕፍት ክበብ ከመረጠው ወዲህ ወረፋው ረጅም ነው። ትረካውን ራሳቸው ናቸው ያነበቡት፣ 31 ሰዓት ገደማ። ይህን ሳታሰሉ አትዋሱ፦ ውሰቱ 14 ቀን ከሆነ በቀን 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ማዳመጥ ግድ ነው። ፍጥነቱን 1.25 ብታደርጉት ወደ 25 ሰዓት ይወርዳል፤ የሐኪም ረጋ ያለ ንባብ ስለሆነ አይጎዳም። ስልካችሁ ላይ አንድ ጊጋባይት ገደማ ቦታ አስለቅቁ፣ በዋይፋይም አውርዱ። ሳትጨርሱ ቢወሰድባችሁ አትናደዱ፤ ዳግም ስትዋሱት ካቆማችሁበት ይቀጥላል።

የመዓዛ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ግን ትረካውን ብቻ ይዞ የሚገባበት አይደለም። በጣልያን ወረራ ጊዜ ጦር ሜዳ ስለዘመቱ ሴቶች ነው፤ በመሐሉ የፎቶግራፍ መግለጫ የሆኑ አጫጭር ክፍሎች ይገባሉ፣ ንግግሩም ያለ ትምህርተ ጥቅስ ነው የተጻፈው። በጆሮ ብቻ የሚከተል ሰው ፎቶው የት ጀምሮ የት እንዳለቀ ይጠፋዋል፤ በዓይን ብቻ የሚያነብ ደግሞ ማን እንደተናገረ ገጽ እየመለሰ ያጣራል። ሁለቱንም ተዋሱና አንድ ላይ ሂዱበት፤ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች።

ከሁሉም የሚያናድደው መጽሐፍ ድንገት ከዝርዝሩ መጥፋቱ ነው። ብልሽት አይደለም። ብዙ ትልልቅ አሳታሚዎች ለቤተ መጻሕፍት ዲጂታል መጽሐፍ የሚሸጡት ለዘለቄታው ሳይሆን ለ2 ዓመት ነው፤ ጊዜው ሲያበቃ ቤተ መጻሕፍቱ እንደገና መግዛት አለበት። ብዙ ሰው ያልተዋሰው ቀድሞ ይቀራል፣ በዚህም ስማቸው ብዙ ያልተጠራ ደራስያን ይጎዳሉ። የጠፋውን ወይም ጭራሽ ያልተገዛውን መጽሐፍ ስታገኙ የማሳወቂያ መለያ አድርጉበት፤ ሲገዛ ይነገራችኋል፣ ቤተ መጻሕፍቱም ፈላጊ እንዳለው ያያል።

በኪንድል (የአማዞን የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ) ማንበብ የምትፈልጉ፣ ከሊቢ ወደ ኪንድል መላክ የሚሠራው ከአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ነው። ለአማርኛ ልቦለድ ደግሞ ቦታው ይህ አይደለም፤ ሀዲስ ዓለማየሁን ወይም በዓሉ ግርማን በገዛ ቋንቋቸው የሚፈልግ ሰው ቤተ መጻሕፍቱ ሕንጻ ሄዶ የሌላ ቋንቋ መጻሕፍት መደርደሪያውን ቢያይ ይሻለዋል።