የውኃውን ልክ በማይጠቅስ የጅረት ቀዘፋ ውል ላይ ገንዘባችሁን አትክፈሉ

ይህን የምጽፈው በካያክ (በመቅዘፊያ በሚነዳ ጠባብ ትንሽ ጀልባ) ጠባብና ቁልቁለታማ ጅረት የመውረድ ጉዞ ለመግዛት ያሰባችሁ ቀዛፊዎች እኔ በገባሁበት ውል እንዳትገቡ ነው። ጉዞው «ለመካከለኛና ለከፍተኛ ቀዛፊዎች» ተብሎ የቀረበ ሲሆን፣ ክፍያው በሙሉ አስቀድሞ የሚጠየቅና በምንም ምክንያት የማይመለስ ነበር።

ችግሩ የሚጀምረው ሁለቱን ወገኖች አንድ ላይ ከጠቀለለው ከዚሁ ሐረግ ነው። ወራጅ ውኃ ከ1 እስከ 6 በሚደርሰው ዓለም አቀፍ የአስቸጋሪነት መለኪያ ሲመደብ 3ኛው ደረጃ የመካከለኛ፣ 4ኛው የከፍተኛ ቀዛፊ ነው። በ3ኛው ከጀልባው የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ዳር ይደርሳል፤ በ4ኛው ግን ራስን ማዳን ስለሚከብድ የሠለጠነ የቡድን እገዛ የግድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለቱን በአንድ ቡድን የሚሸጥ ሰው ወይ ልዩነቱን አያውቅም፣ ወይም ገዢው እንዳያውቅ ይፈልጋል።

ጅረት ደግሞ እንደ ትልቅ ወንዝ አይደለም፤ ከላይ ከዘነበ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይሞላል፣ ከድንጋይ ጀርባ ለማረፊያ የሚያገለግለው የረጋ ውኃ ይጠፋል፣ ውኃውን እንደ ወንፊት አሳልፎ ሰውን የሚያስቀር የወደቀ ዛፍም ሳይታሰብ ይደረስበታል። እኛ በሄድንበት ቀን ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ጅረቱ ደፍርሶና ሞልቶ ጠበቀን። መሪው ግን በውሉ ላይ የተጻፈው ደረጃ አልተለወጠም ብሎ ድርቅ አለ፤ እኔና አንድ ሌላ ቀዛፊ አንገባም ብለን ስንመለስ «በገዛ ፈቃዳችሁ ትታችኋል» ተባልን። (ያከራዩን የራስ ቁር ኢኤን 1385 የሚል፣ ለወራጅ ውኃ ቀዘፋ የራስ ቁር የወጣ የአውሮፓ መስፈርት ምልክት ነበረው፤ መስፈርቱ እስከ 4ኛ ደረጃ ላለ ውኃ ብቻ የወጣ መሆኑን ግን የነገረን አልነበረም።)

ስለዚህ ጉዞው የሚሰረዝበት ከፍተኛ የውኃ ልክ በቁጥር፣ የት ባለ መለኪያ እንደሚነበብ ጭምር፣ በውሉ እንዲሰፍርና ልኩ ሲያልፍ ገንዘቡ እንደሚመለስ በግልጽ እንዲጻፍ ጠይቁ። ለአንድ መሪ ስንት ቀዛፊ እንደሚመደብና ውኃ ውስጥ ለወደቀ ሰው የሚጣለው የመወርወሪያ ገመድ በእነማን እጅ እንደሚሆንም ሳትጠይቁ አትለፉ።

ቅሬታዬን በጽሑፍ ሳቀርብ ያገኘሁት ምላሽ ለሚቀጥለው ጉዞ የዋጋ ቅናሽ ነበር፤ አብሮት የተላከው ውል ገንዘብ አይመለስም የሚለውን ያንኑ አንቀጽ እንደያዘ ነው።