ቢራውተር በአዲስ አበባ ዳርቻ፦ ጭር ያለ መንገድ ፈላጊው መተግበሪያ ሲፈተሽ

ቢራውተር መኪና የማይበዛበትን መንገድ እየመረጠ ለብስክሌት መስመር የሚያወጣ የስልክ መተግበሪያ ነው። በነፃ ይገኛል፤ ካርታው አንዴ ከወረደ በኋላም ኢንተርኔት አይፈልግም። ከለገጣፎ፣ ከሱሉልታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሰበታ ተነሥቶ ወደ ገጠሩ ለሚወጣ ብስክሌተኛ ስልኩ ላይ ቢኖር ይጠቅመዋል። ግን “አንተው ምረጥልኝ” ብሎ የሚተወውን ሰው ያንከራትተዋል፤ የሚያዋጣው ራሱ የመረጠውን መንገድ ለሚያስመረምርበት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመንገዱ ነው። ፈረንሳይ ገጠር ውስጥ ከዋናው ጎዳና በታች “ዲ” የሚል ፊደልና ቁጥር የያዙ የአካባቢ መንገዶች አሉ፤ ከእነሱ በታች ደግሞ የየመንደሩ መንገዶች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተዋል። በታወቀው የሚሽላን ካርታ ላይ (1 ሴንቲ ሜትር 2 ኪሎ ሜትር የሚሆንበት) ቀዩ መኪና የሚበዛበት፣ ቢጫው መካከለኛው፣ ነጩ ደግሞ ጭር ያለው ነው። ነጩም ቢሆን ብዙውን ጊዜ አስፋልት ነው። ስለዚህ እዚያ ከትልቁ መንገድ ሸሽቶ ወደ ትንሹ የሚገባ ፕሮግራም ብስክሌተኛውን ከአስፋልት አያወርደውም። ቢራውተር ውስጥ “ፋስትባይክ ሎው ትራፊክ” የሚባለው አማራጭ የሚሠራው በዚሁ ስሌት ነው።

ከአዲስ አበባ የሚወጣው ዋና መንገድ ግን አምስት ነው፦ በሱሉልታ ወደ ጎጃም፣ በሰንዳፋ ወደ ደሴ፣ በአቃቂ ወደ ቢሾፍቱ፣ በሰበታ ወደ ጅማ፣ በሆለታ ወደ አምቦ። አምስቱም አስፋልት፣ አምስቱም የጭነት መኪናና የአገር አቋራጭ አውቶቡስ መስመር ናቸው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ለብስክሌት ዝግ ስለሆነ ከቁጥር አይገባም። ከአምስቱ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ አስፋልት እምብዛም የለም፤ ያለው ፒስታ፣ ከዚያም ሲያልፍ ጥርጊያ ነው። ፕሮግራሙ ትልቁን መንገድ ሽሽ ከተባለ የሚሸሽበት ሌላ ቦታ የለውም። ከለገጣፎ ወደ ሰንዳፋ አውጣልኝ ብላችሁት መስመሩ ከአስፋልቱ ወርዶ በስንዴ ማሳ መሃል ቢጠመዘዝ አይግረማችሁ።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ፒስታ መሆኑን ዐውቆ መዘጋጀት ይቻላል። ችግሩ ፕሮግራሙ ራሱ ፒስታ መሆኑን ሁልጊዜ አለማወቁ ነው። መረጃውን የሚያገኘው ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው፣ በጎ ፈቃደኞች ከሚሠሩት ነፃ የዓለም ካርታ ነው። የኛ አገር የገጠር መንገዶች ብዙዎቹ እዚያ ላይ የተሳሉት ከሳተላይት ምስል ስለሆነ መንገዱ አለ፣ ደረጃው ተጽፏል፣ አስፋልት ይሁን ጠጠር የሚለው ግን ባዶ ነው። ቢራውተር ደግሞ ተራ መንገድ ሆኖ የገጽታው መረጃ ባዶ ከሆነ ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል። እዚህ ላይ ነው ባለ ቀጭን (28 ሚሊ ሜትር) ጎማ ብስክሌት ይዞ የወጣ ሰው ድንጋይ ላይ የሚንገጫገጨው።

መፍትሔው ከመውጣት በፊት ማየት ነው። በኮምፒውተር የሚከፈተው የቢራውተር ገጽ መስመሩን ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ በሠንጠረዥ ያሳያል። ሁለት ዓምድ ብቻ ተመልከቱ። አንዱ ለኪሎ ሜትር የተሰጠው ዋጋ ነው፦ 1000 ከሆነ ፕሮግራሙ መንገዱን እንከን የለሽ ብሎታል፤ 3000 ከሆነ አንዱን ኪሎ ሜትር እንደ ሦስት ቆጥሮታል። ሁለተኛው የመንገዱ መግለጫ ነው። ዋጋው ወደ 1000 የተጠጋ ሆኖ መግለጫው ውስጥ የገጽታው ዓይነት ካልተጻፈ ያ ቁርጥራጭ መጠርጠር አለበት። የሳተላይት ምስሉን ከሥር ክፈቱና አጉሉት፤ ቡናማ ከሆነ ፒስታ ነው። የማትፈልጉት ቦታ ላይ ክብ ሥላችሁ “እዚህ እንዳትገባ” ማለትም ይቻላል፤ መስመሩ ወዲያው ይቀየራል።

ወቅት የሚባለውንም ነገር አያውቅም። በሰንዳፋ በኩልም ሆነ በአቃቂና በበቾ ሜዳ ያለው አፈር መረሬ ነው። በጥርና በየካቲት እንደ ሲሚንቶ ጠንክሮ ያስኬዳል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ጎማ ላይ ይጠቀለላል፣ በጎማውና በፍሬኑ መሃል ይሞላል፣ ካቴናውንም ይይዛል። ሪም ፍሬን (የጎማውን ክብ ብረት ቆንጥጦ የሚያቆም) ያለው ብስክሌት ጥቂት መቶ ሜትር ሳይሄድ መሽከርከሩን ያቆማል፤ ዲስክ ፍሬን (በጎማው መሃል ያለ ሰሃን የሚይዝ) ትንሽ ይሻላል። በክረምት አስፋልቱን አለመልቀቅ ነው። በበጋ ፒስታ ለሚገባ 38 ወይም 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ይበቃዋል፤ ከመግባቱ በፊት ግን የአካባቢውን ሁኔታ ከነዋሪው መጠየቅ አለበት።

አጫጫኑ ከባድ አይደለም፣ ግን ቅደም ተከተሉን ካሳቱት አይሠራም። የስልኩ መተግበሪያ ለአንድሮይድ ነው። በቅድሚያ ቢራውተርን ጫኑ፤ የማውረጃውን ክፍል ስትከፍቱ በአራት ማዕዘን የተከፋፈለ የዓለም ካርታ ይመጣል። አዲስ አበባ ያለችው ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ሰሜን ባለው ካሬ ነው። ይህ አንድ ካሬ ደብረ ብርሃንን፣ አዳማንና ሐዋሳን ጨምሮ ይይዛል፤ ደብረ ማርቆስ ግን ከላይኛው ካሬ ነው። ቢራውተር የራሱ ካርታ ስለማያሳይ ኦስማንድ የሚባለውን የካርታ መተግበሪያ ጨምሩ። የኦስማንድ ነፃው ቅጂ 7 ካርታ ብቻ ያስወርዳል፤ የኢትዮጵያ አንድ ፋይል ስለሆነ አይጨንቅም። ቀጥሎ ወደ ቢራውተር ተመልሳችሁ የምትፈልጉትን አማራጭ “ሰርቨር ሞድ” በሚለው በኩል ለብስክሌት መድቡ፤ በመጨረሻ በኦስማንድ የብስክሌት ቅንብር ውስጥ የመስመር አውጪውን ዓይነት ወደ ቢራውተር ቀይሩ። አይፎን የያዘ ሰው በኮምፒውተሩ ገጽ መስመሩን አውጥቶ መስመሩን የያዘውን የጂፒኤክስ ፋይል ወደ ስልኩ ይላክ። ቦታ ስትፈልጉ ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ ብላችሁ ካልመጣ ስሙ በቁቤ ተጽፎ ይሆናል፤ ካርታው ላይ በጣት መንካት ይቀላል።

የትኛው አማራጭ ይሻላል ለሚለው፦ ባለ ቀጭን ጎማ ተራውን “ፋስትባይክ” ይምረጥ። ባለ ወፍራም ጎማ “ትሬኪንግ” ቢለው የተሻለ ነው፤ ጠጠርን አይፈራም፣ ትልቁን መንገድም ይሸሻል። “ሎው ትራፊክ” የሚለውን ለአውሮፓ ጉዞ አስቀምጡት።

የዳገቱ ሥዕል (መስመሩ የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ የሚያሳየው) ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅሙ ነው፣ ከነጉድለቱ። ከፍታው የተወሰደው በአብዛኛው እ.ኤ.አ. በ2000 የጠፈር መንኮራኩር በራዳር ከለካው መረጃ ነው። ራዳሩ ጫካ ሲያገኝ የሚነካው መሬቱን ሳይሆን የዛፉን ቅጠል ነው፤ ስለዚህ እንጦጦ ላይ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቦታ ላይ መንገዱ የሌለው ጉብታ ይታያል። ከ2000 በኋላ ተቆርጦ የተስተካከለ ገደልም አይታወቅለትም። በ100 ሜትር ውስጥ 18 በመቶ ዳገት ካሳያችሁ አትመኑት፤ የአንድ ኪሎ ሜትሩን አማካይ ግን እመኑት። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ለሚወጣ ያ አማካይ ማርሽ ለመምረጥ ይበቃዋል፦ ከፊት 34፣ ከኋላ ቢያንስ 32 ጥርስ። ለጉዞው የሚገምትላችሁን ሰዓት ግን በልኩ ያዙት። በ2500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ እንጦጦ ከ3000 በላይ ነው። ፕሮግራሙ ስለ ትንፋሻችሁ የሚያውቀው ነገር የለም።

ጭርታ የሚገኘው ታዲያ ከሰዓቱ ነው። እሑድ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰንዳፋም የሱሉልታም አስፋልት የሯጮች ነው፤ ከዚያ በኋላ ሚኒባሱ፣ አይሱዙውና ሲኖትራኩ ይረከበዋል። የገበያ ቀን ከሆነ ጋሪና አህያ ከንጋት ጀምሮ ዳሩን ይይዛሉ፤ ለቁልቁለት ፍጥነት አይመችም። የጀርባ መብራት በቀንም አብሩ። ከተሞቹ መግቢያ ላይ ቀለም የሌላቸው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች አሉ፣ ውሾቹም በዚያ ሰዓት ነቅተዋል። ይህን ሁሉ የትኛውም መተግበሪያ አይነግራችሁም።

ባዶውን መረጃ መሙላት ለሚፈልግ ስትሪት ኮምፕሊት የሚባል ሌላ ነፃ መተግበሪያ አለ፤ መንገዱ ዳር ሲቆም “ይህ መንገድ አስፋልት ነው ወይስ ጠጠር?” እያለ ይጠይቃል፣ መልሱም ወደ ኦፕን ስትሪት ማፕ ይገባል። የሞላችሁት ወዲያው ስልካችሁ ላይ አይታይም፤ የቢራውተሩ ካሬ ከታደሰ በኋላ እንደገና ማውረድ ያስፈልጋል።