ለሾፌራችን ምስጋና፣ ደቡብን በመኪና ለማየት ላሰባችሁም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ዘግይቼም ቢሆን እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ።

የምታውቁን እንደምታውቁት እኔና ባለቤቴ ጋምቤላ በወንጌል አገልግሎት ላይ ነን። ዕረፍት ስናገኝ አዲስ አበባ እንገባለን፣ ሳምንቱ ዘመድ ጥየቃና ቡና ላይ ያልቃል፣ እንመለሳለን። ዘንድሮ ባለቤቴ "ወላይታ ሶዶን ሳላይ ሌላ ዓመት አያልፍም" ብሎ ቆረጠ። እኔ ደግሞ የጢያን ድንጋዮች በትምህርት ቤት መጽሐፍ ካየኋቸው ጀምሮ ስመኝ የኖርኩ ነኝ። መኪና ከነሾፌሩ ተኮናተርን። የተዋዋልነው ሰው በዋዜማው ስልኩን ዘጋብን። ይህን የምጽፈው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ተደውሎለት "ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት በራችሁ ላይ ነኝ" ብሎ፣ ሩብ ጉዳይ ሲል ለደረሰው ሌላ ሰው ነው።

ስሜን እንዳትጽፊ ስላለኝ አልጽፍም። እኛ ጋሼ ነበር የምንለው፤ እሱ ባለቤቴን "ፓስተሬ"፣ እኔን "ልጄ" ይለናል። ባለቤቴ ፓስተር እንዳልሆነ ሦስት ጊዜ ቢነግረውም ሊሰማው አልቻለም።

ታኅሣሥ 26 ተነስተን መጀመሪያ መልካ ቁንጡሬ ገባን። አዋሽ ዳር ያለ፣ ከመቶ ሺዎች ዓመታት በፊት የነበሩ ሰዎች የድንጋይ መሣሪያዎቻቸውን የተዉበት ቦታ ነው፤ በ2024 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝግቦታል። ሙዚየሙ ትንንሽ ጎጆዎች ውስጥ ነው። ጥሩ ነው፣ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። እኔ ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለሚቀጥለው ነው።

ከቡታጅራው መንገድ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ በፒስታ ሲገባ አዳዲ ማርያም አለች። ከአንድ አለት የተፈለፈለች ናት፤ ትውፊቱ ከቅዱስ ላሊበላ ጋር ያያይዛታል። ከላይ ሲመጡ አትታይም፣ ወደ ጉድጓዱ ሲወርዱ ነው በሩ የሚገኘው። ከመድረሳችን በፊት በመኪናው ውስጥ ዝም ዝም ብለን ነበር። ምክንያቱን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እኛ ወንጌላውያን ነን፣ በእኛና በኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን መካከል በየሰፈሩ የተባለውና የተደረገው አለ። ዝም ብሎ ቱሪስት መስሎ መግባት ይቻል ነበር። እንዲያውም ባለቤቴ "ዝም ብለን እንግባ" ብሎኝ ነበር።

ጋሼ መኪናውን አቁሞ ከኋላ ነጠላ አወጣልኝ። ጫማ እንደምናወልቅ፣ ሴቶች በቀኝ በኩል እንደምንገባ፣ ካልተፈቀደ ፎቶ እንደማይነሳ ነገረን። ከዚያ ቀድሞን ሄዶ መስቀል ተሳልሞ ለቄሱ እንዲህ አላቸው፦ "አባ፣ እንግዶቼ ጴንጤ ናቸው። ታሪኩን ሊያዩ ነው የመጡት፣ ሌላ የለባቸውም።" እኔ ደርቄ ቀረሁ። ቄሱ ሳቁ። "ማርያም እንግዳ አትመልስም፣ ይግቡ" አሉ፣ ራሳቸው ጧፍ ይዘው አዞሩን። ከብዙ ሰው አፍ ሲወጣ የሚቆረቁረኝ ቃል ከጋሼ አፍ ሲወጣ ለምን እንዳልቆረቆረኝ ሳስብ ጢያ ደረስን። አልዋሸልንም፤ ለዚያ ይመስለኛል።

ጢያ 36 ድንጋዮች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሰይፍ ተቀርጾባቸዋል፣ አንድ ላይ አንድ፣ ሌላው ላይ ብዙ። መቃብር ላይ የቆሙ ናቸው። የጠበቅሁትን ያህል ነበሩ፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ በጎን ሲመታቸው ሂዱ፤ ቅርጹ ያኔ ነው የሚወጣው። ይህም የጋሼ ምክር ነው።

በነጋታው ወራቤን አልፈን ጎማ ፈነዳ። ስኮርታው ደህና ነበር፣ ክሪኩ ደህና ነበር፣ በሃያ ደቂቃ ተነሳን፤ ሆሳዕና ላይ ጎሚስታ ጋ አሠርቶ ክፍያውን ከኪሱ ከፈለ። "ጎማው የኔ ነው፣ መንገዱ ነው የናንተ" አለ።

ሶዶ። በ1920 ዓ.ም. ገደማ ሚሲዮናውያኑ እነዶክተር ቶማስ ላምቢ ሐሳባቸው ጅማ ሆኖ ሳለ እዚህ ነው የቀሩት። ጣልያን ሲመጣ ሚሲዮናውያኑ ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ከወላይታ ተባረሩ። ጥለዋቸው የሄዱት የተጠመቁ ምእመናን 48 ነበሩ። የወላይታ አማኞች መሪዎች የነበሩት እነዋንዳሮ ታሰሩ፣ ተገረፉ። ጣልያን ወጥቶ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ወደ 10,000 የሚጠጋ አማኝ ነው። ይህን ታሪክ በማስተማር አውቀዋለሁ፤ በሚሲዮኑ ኦቶና ግቢ ዛፍ ሥር ቆሜ ስሰማው ግን ሌላ ሆነብኝ። ሳናየው ጋሼ ከኋላችን መጥቶ ቆሞ ይሰማ ነበር።

"አርባ ስምንት ብቻ?" አለ። "አዎ" አልነው። "በሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ?" "አዎ።" ትንሽ ዝም ብሎ "በወሩ ግንቦት ላይ ነው እኮ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ግራዚያኒ ያስፈጃቸው" አለ። ሌላ አልጨመረም። እኔ ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ ነው የማውቃቸው፤ አንዱን በእኛ ቤት፣ አንዱን በነሱ ቤት። አንድ ላይ አድርጌ አስቤያቸው አላውቅም ነበር።

የገና ዋዜማ ማታ እሱ ቤተ ክርስቲያን አደረ፣ እኛ ጠዋት ቃለ ሕይወት ሄድን። ከአርባ ቀን በላይ ጾሞ፣ በመንገድ ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ እየነዳ (እኛ ከፊቱ እንቁላል ስንበላ አፍረን ነበር፣ እሱ እቴ፣ "ብሉ፣ ጾሙ የኔ ነው" ነበር የሚለን)፣ የወላይታ ሥጋ በዳጣ እንዴት አድርጎ እንደበላ ልነግራችሁ አልችልም።

አርባ ምንጭንና ዶርዜን አልተርክላችሁም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

መልሱ ላይ ባቱ ማደር አለብን አለ። አንድ ቀን ይጨምራል። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ቱሉ ጉዶ ደሴት የደብረ ጽዮን ገዳም አለ፤ በዮዲት ጊዜ የአክሱም ጽላት ተሸሽጎ የቆየበት ነው ይባላል፣ በዙሪያው የዛይ ሕዝብ ይኖራል። ከሰዓት ነፋስ ተነስቶ ማዕበል ስለሚያስቸግር በጠዋት ካልሆነ ጀልባ አልፈቅድም አለን። ለተጨመረው ቀን ዋጋ ይጠይቃል ብለን ስንጠብቅ የተዋዋልነውን ብቻ ተቀበለ፤ ከነዳጁ ገንዘብ የተረፈውንም ከነደረሰኞቹ መለሰልን።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። አመሻሽ ካለፈ አይነዳም፣ ቢለመን ቢለመን አይሆንም፤ በዚህ ምክንያት ልናይ ያሰብነው አንድ ቦታ ቀርቶብናል። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በር ያንኳኳል። የመኪናው ሬዲዮ አይሠራም፤ እሱ ግን ወሬ አያልቅበትም። መኪናው አሮጌ ላንድክሩዘር ነው፣ ከአምስት ሰው በላይ አትሂዱበት።

ቤተሰብ ይዛችሁ፣ ወይም የአጥቢያ ወጣቶችን ይዛችሁ ወደዚያ መሄድ የምታስቡ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄው ስልኩን እሰጣችኋለሁ። ጥር 10 እና 11 ግን አትደውሉለት። ታቦት ያጅባል።