ምስጋና ለላቦራቶሪዋ እህታችን፤ ጥቆማ ደግሞ አረጋውያን ወላጆች ላሏችሁ

በማዕከላዊ እስራኤል ከሚገኙት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ በማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ የምትሠራ አንዲት እህታችን አለች። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አልጽፍም፤ ሥራዋን እንዳልናገር ግን አልከለከለችኝም። ሕመምተኛ ሲድን ምስጋናው ለሐኪሙ ይደርሳል፣ ቢተርፍ ለነርሷ። ምድር ቤት ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ የባክቴሪያ ሳህን ሲያገላብጥ ለሚውለው ሰው የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ይህ ምስጋና በቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ ይውረድ።

እናቴ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ነበር። ቀዶ ሕክምናው በደህና አልቆ ለማገገም ወደ አንድ የአረጋውያን ማቆያ ተላከች፤ እዚያ ከርማ ሳለ ትኩሳት ያዛትና በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተመለሰች። የምትቀበላት ነርስ ከየት እንደመጣች ጠየቀች፤ ከማቆያ መሆኑን ስትሰማ በጥጥ እንጨት ከፊንጢጣዋ ናሙና እንደሚወሰድ ነገረችን። ጎንደር ተወልዳ ያደገች የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል መገመት ትችላላችሁ። «የመጣሁት ለትኩሳት ነው፤ እዚያ ምን ሊፈልጉ ነው?» አለች። እህቴ አግባባቻትና ተወሰደ።

በማግስቱ ስንመጣ አልጋዋ ቦታው የለም። ለብቻዋ ወደ አንድ ክፍል ተዛውራለች፤ በሩ ላይ ቀይ ምልክት ተሰቅሏል፤ የሚገባው ሁሉ ቢጫ ጋዎንና ጓንት ያጠልቃል። ምልክቱን የሰቀለው ወጣት ሠራተኛ አንዲት ቃል ሳያስረዳ ሄደ። እናቴ ዕብራይስጡ ብዙም አይገባትም፣ ቢጫው ጋዎን ግን ገብቷታል። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ «ያን ጊዜ ደማችንን ደፉ፤ አሁን ደግሞ እኔን ሊደፉኝ ነው» አለች። ምግብም አልበላ አለች።

ይህ አባባል ከየት እንደመጣ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለወጣቶቹ ግን ልንገራችሁ። ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ለዓመታት በድብቅ ሲወገድ መኖሩ እ.ኤ.አ. በጥር 1996 በጋዜጣ ወጣ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በኢየሩሳሌም ለተቃውሞ ወጣ። ከለጋሾቹ አንዱ አባታችን ነበር። እናቴ በዘመቻ ሰሎሞን ከመጣችበት ከ1991 ወዲህ ያየችውን ሁሉ ትረሳ ይሆናል፣ ይህን ግን አትረሳም። እንግዲህ እንዲህ ያለችን ሴት ያለ ማብራሪያ ለብቻዋ ዘግቶ በሯ ላይ ቀይ ምልክት መስቀል ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የሕክምናው ሕግ ትክክል ነበር። አፈጻጸሙ ግን ልብ የሚሰብር ነበር።

አንዲት ነርስ ነገሩ አሳስቧት ወደ ላቦራቶሪው ደወለችና «አማርኛ የምትችዪው አንቺ ነሽ፤ እኚህ እናት እህል አልቀምስ ብለዋል» ስትል ነገረቻት። እህታችን ሥራዋን ጨርሳ ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል ነበር። ሕሙማንን ማነጋገር ከሥራ ድርሻዋ አይደለም፤ የሚከፈላትም ለዚህ አይደለም። መጣች፤ ጋዎኑን ለበሰች፤ ከእናቴ ጎን ወንበር ስባ ተቀመጠችና «እማዬ፣ እንዴት አሉልኝ? የእርስዎን ሳህን ዛሬ ጠዋት ያየሁት እኔ ነኝ፤ የመጣሁት ያየሁትን ላሳይዎት ነው» አለቻት።

ከስልኳ አንድ ፎቶግራፍ አወጣች። ሁለት ክብ ሳህኖች ጎን ለጎን። በአንደኛው ላይ ምንም አልበቀለበትም፣ ጥርት ያለ ነው። በሁለተኛው ላይ የስፌት መርፌ ራስ የሚያህሉና ከዚያም ከፍ የሚሉ፣ እንደ ብረት የሚያብለጨልጩ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል። «ይህ የሌላ ሰው ነው፣ የሚያሳስብ ነገር የለበትም። ይህኛው የእርስዎ ነው። ሳህኑ ላይ የማን እንደሆነ የሚናገር ቁጥር እንጂ ስምም መልክም የለም» አለች። እናቴ መነጽሯን ጠየቀች።

እህታችን ያስረዳችበት መንገድ እስከ ዛሬ በቤታችን ይወራል። በሳህኑ ላይ ያለው ምግብ ውስጥ ቀለም አለ፣ ግን ተቋጥሮ ስለተቀመጠ አይታይም። ባክቴሪያው ሊበላ ሲል ቋጠሮውን በራሱ ኤንዛይም ይፈታዋል። ያን ጊዜ የሰው በርበሬ ቋጠሮ የፈታ ሌባ እጁ እንደሚቀላ እርሱም ይቀለማል። የቋጠሮው ዓይነት የተለያየ ስለሆነ ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ሮዝ ቀይ ሲቀላ፣ ክሌብሲዬላና ዘመዶቹ ደግሞ ሰማያዊ ይሆናሉ። በዚያ ላይ መድኃኒት ተጨምሮበታል፤ መድኃኒት የሚያሸንፈው ባክቴሪያ ከመነሻው አይበቅልም። ስለዚህ በሳህኑ ላይ በቅሎ የተገኘ ሁሉ መድኃኒቱን የተላመደ ነው ተብሎ ይጠረጠራል፤ ቀለሙ ደግሞ የትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ይጠቁማል። ማኮንኪ አጋር በሚባለው የተለመደ የባክቴሪያ ማብቀያ ምግብ ላይ ኢ. ኮላይም ክሌብሲዬላም ሁለቱም ሮዝ ሆነው ስለሚታዩ አንዱን ከሌላው ለመለየት ተጨማሪ ሥራና ተጨማሪ ቀን ይጠይቃል። ባለ ቀለሙ ሳህን ግን ከ18 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ፍንጭ ይሰጣል።

«ፍንጭ» ያልሁት አውቄ ነው። ቀለሙ ብቻውን ፍርድ አይሆንም ስትል ደጋግማ ነግራናለች። ሰማያዊው ኮሎኒ ተለቅሞ ማንነቱ በሌላ መሣሪያ ይረጋገጣል፤ መድኃኒት የሚያፈርሰውን ኤንዛይም የሚሠራው ዘረ መል መኖር አለመኖሩም ፒ.ሲ.አር. በሚባለው የዘረ መል ምርመራ ይታያል። የእናቴ ውጤት ኬ.ፒ.ሲ. የሚባለውን ኤንዛይም የያዘ ክሌብሲዬላ ሆነ። ይህ ኤንዛይም ሌላው መድኃኒት ሲያቅት የሚወጡትን እነ ሜሮፔነምን የሚያከሽፍ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ከየት እንደመጣ ስጠይቃት ታሪኩን ነገረችኝ፤ እኔም ኋላ አንብቤ አረጋገጥሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ይኸው ክሌብሲዬላ በእስራኤል ሆስፒታሎች ውስጥ መዛመት ጀመረ፤ በመጋቢት 2007 መጨረሻ በ27 ሆስፒታሎች 1,275 ሕሙማን ዘንድ ደርሶ ነበር። የጤና ሚኒስቴር በዚያው ወር አገር አቀፍ ትእዛዝ አወጣ፦ ተሸካሚዎች (ባይታመሙም ባክቴሪያው በሰውነታቸው ያለ ሰዎች) ለብቻ ይቀመጡ፣ የሚንከባከቧቸው ነርሶች ለእነርሱ ብቻ ይመደቡ፣ አፈጻጸሙም ከላይ ሆኖ የሚቆጣጠረው ይኑር ተባለ። ከ100,000 የአልጋ ቀናት (አንድ ሕመምተኛ ተኝቶ የዋለበት አንድ ቀን እንደ አንድ ይቆጠራል) በወር 55.5 ደርሶ የነበረው አዲስ ተያዥ በግንቦት 2008 ወደ 11.7 ወረደ። ለኬ.ፒ.ሲ. ተብሎ የተዘጋጀው ባለ ቀለም አጋር ተፈትሾ ውጤቱ በ2008 ከታተመባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ ፔታህ ቲክቫ ነው። ዛሬ በሩ ላይ የሚሰቀለው ቀይ ምልክት የመጣው በዚያን ጊዜ በሞቱ ሰዎች ዋጋ ነው፤ ይህን ማወቄ ምልክቱን የማይበትን ዓይን ለውጦታል።

ወንድሜ በበኩሉ «ባክቴሪያው ከተገኘ ታዲያ መድኃኒቱን ስጧት እንጂ» እያለ አንድ ሐኪም ሲጨቀጭቅ ነበር። መልሱን የሰጠችው የላቦራቶሪዋ እህታችን ናት። እናቴ ተሸካሚ እንጂ በዚያ ባክቴሪያ የታመመች አይደለችም፤ ባክቴሪያው አንጀቷ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጧል። መድኃኒት ቢሰጣት ደጎቹን ባክቴሪያዎች ገድሎ ለዚህኛው ሰፊ ቦታ ይለቅለታል። ትኩሳቱን ያመጣው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ፤ የዚያ ምክንያት ደግሞ በቀላል መድኃኒት የሚሸነፍ ሌላ ባክቴሪያ ነበር። ለብቻዋ የተቀመጠችው እርሷን ለመቅጣት ሳይሆን ጎኗ የተኙት ደካሞች እንዳይወስዱት ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ «እንዲያ ከሆነስ ጎረቤቴን አላስይዝም» ብላ ሾርባውን ጠየቀች።

ከዚያ ወዲያ ችግር የሆነው እኛው ነን። እንጀራ ይዘን መጥተን ከእናቴ ጋር በአንድ ትሪ ልንበላ ስንሰናዳ እህታችን በመስታወቱ አየችን። ምግቡን አልከለከለችም። «አምጡላቸው፣ ይብሉ፤ እናንተ ግን እዚህ ክፍል ውስጥ አትብሉ፣ ጉርሻውም ይቆይ» አለች። እናት ለልጇ ጉርሻ እንዳትሰጥ መከልከል ከባድ ነው፣ ግን በእጅ የሚተላለፍ ነገር ስለሆነ ልክ ናት። ጋዎኑንና ጓንቱን ከመውጣታችን በፊት እዚያው ክፍል ውስጥ አውልቀን እንድንጥል፣ ስንገባም ስንወጣም እጃችንን እንድናጸዳ፣ ቦርሳችንን አልጋው ላይ እንዳናስቀምጥ ቆማ አሳየችን።

አሁን ጥቆማው። ወላጆቻችሁ ከአረጋውያን ማቆያ ወደ ሆስፒታል ሲዛወሩ የት እንደከረሙ ሳትጠየቁ ተናገሩ። ወደ ኢትዮጵያም ሆነ ወደ ሌላ አገር ሄደው ሆስፒታል ተኝተው የተመለሱ ካሉም እንደዚሁ። ከዚህ ቀደም ተሸካሚ ናቸው ተብሎ ከሆነ ወረቀቱን ይዛችሁ ሂዱ፤ የእኛ እናት ከማቆያው ይዛው የመጣችው ደብዳቤ ስለዚህ ነገር አንድ መስመር እንኳ አልነበረበትም። ናሙናው ሲጠየቅ እሺ በሉ፤ አሳፋሪ ቢመስልም ከደቂቃ አያልፍም። ለብቻ ካስቀመጧቸው ደግሞ ምክንያቱ በሚገባቸው ቋንቋ እንዲነገራቸው ጠይቁ፤ ልመና አይደለም፣ መብታቸው ነው። በአንዳንድ የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) ክሊኒኮች በሬፉአ ሽሌማ ፕሮግራም የሚሠሩ አማርኛ ተናጋሪ አገናኞች አሉ፤ በእነርሱም ተጠቀሙ። ተሸካሚነት ደግሞ የዕድሜ ልክ ማኅተም አይደለም፤ ከወራት በኋላ በተደጋጋሚ ተመርምሮ ነጻ የሚባል አለ።

የእህታችንን ሆስፒታል ማወቅ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስቀድሜ እርሷን አስፈቅጄ እነግራችኋለሁ። ለሆስፒታሉ አስተዳደር በዕብራይስጥ የምስጋና ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ አማርኛ የሚችል አስረጂ በደመወዝ ይመደብ የሚል ጥያቄም አክዬበታለሁ፣ ምክንያቱም ይህ ሥራ በአንዲት ሴት ቸርነትና ከሥራ ሰዓት ውጭ መሠራት የለበትም። እርሷ የረዳቻችሁ ቤተሰቦች ካላችሁ ስማችሁን እንድጨምር ንገሩኝ፤ ደብዳቤውን የማስገባው ከፋሲካ በፊት ነው።