ኮምፒውተሩ ተቃጠለ፤ ዳታውስ? ኬብል፣ ኬዝ ወይስ ጥገና ቤት

መብራት ሄዶ ሲመለስ ስልኬ ይጮኻል። ደዋዩ ይለያያል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ኮምፒውተሬ ጧ ብሎ ጠፋ። ውስጡ ያለው ፋይል ይወጣል?»

ባለፈው ክረምት የደወለችው የሂሳብ ሥራ የምትሠራ ጓደኛዬ ነበረች። የ3 ድርጅቶች የፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራም) ዳታ ዴስክቶፑ ውስጥ ነው። ባካፕ? የለም። እኔ ክፍለ ሀገር ስለነበርኩ ጥገና ቤት ወሰደችው። ለ«ዳታ ሪከቨሪ» 7,500 ብር ተቀበሏት። ስመለስ ሃርድ ዲስኩን አየሁት፤ ምንም አልሆነም። የሞተው ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ነው። ሪከቨሪ የተባለው ዲስኩን ፈትቶ፣ በኬብል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ፣ ኮፒ ማድረግ ነው። ያንን ኬብል እኔ የገዛሁት በ1,800 ብር ነው።

እንግዲህ ገብቷችኋል፤ እኔ የኬብሉ ወገን ነኝ።

መብራት ከፍ ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ የሚመታው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ካለፈም ማዘርቦርዱን (የኮምፒውተሩን ዋና ቦርድ) ያገኘዋል። ዲስኩ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ዴስክቶፕ ያለው ጎረቤት ፈልጉ። ዲስኩን ፈትታችሁ እሱ ኮምፒውተር ውስጥ ስትሰኩት ፋይሉ ከታየ ወጪው ዜሮ ነው። ጎረቤት ከሌለ ነው ወደ ገበያ የሚኬደው።

ገበያው ላይ ዲስኩን ከኮምፒውተር ዩኤስቢ ጋር የሚያገናኘው፣ ሳታ ወደ ዩኤስቢ የሚባለው ኬብል ሁለት ዓይነት ነው። እኔ ስገዛ አዳፕተር (ከሶኬት ኃይል የሚያመጣው) የሌለው 700 ብር፣ አዳፕተር ያለው 1,800 ብር ነበር። በ1,100 ብር ልዩነት አትሳሱ። የላፕቶፕ ዲስክ ከዩኤስቢ በሚመጣው 5 ቮልት ይነሳል፤ ትልቁ የዴስክቶፕ ዲስክ ግን 12 ቮልትም ይፈልጋል። ርካሹን ገዝቶ «ዲስኬ ሞቷል» ያለኝ ሰው አንድ ሁለት አይደለም። አልሞተም፤ ተርቧል እንጂ።

አዳፕተሩም ራሱ ፌክ አለው። አንዴ መርካቶ ላይ «12 ቮልት፣ 2 አምፒር» የሚል ጽሑፍ አምኜ ገዛሁ። የዴስክቶፕ ዲስክ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ወደ 2 አምፒር ሊስብ ይችላል። የእኔው አዳፕተር እዚያ አይደርስም። ዲስኩ ጠቅ ይላል፣ ይቆማል፣ እንደገና ጠቅ ይላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዲስኩ አለቀለት ብዬ ቁጭ አልኩ። በሌላ አዳፕተር ብሞክረው ወዲያው ተነሳ። አሁን ስገዛ በእጄ እመዝናለሁ፤ እንደ ባዶ ክብሪት የቀለለ ከሆነ አልነካውም። ደግሞ የላፕቶፕ ቻርጀር ሶኬቱ ስለገባ ብቻ እንዳትሰኩ። እሱ 19 ቮልት ነው፤ መብራት የማረውን ዲስክ እናንተ ትገድሉታላችሁ።

ኬዝስ (ዲስኩ ውስጡ ገብቶ በዩኤስቢ የሚሰካበት ሳጥን)? ያምራል። 1,100 ብር ገደማ ነው የጠየቁኝ፤ በኋላ ዲስኩን ኤክስተርናል አድርጎ ለመጠቀም ይሆናል። ግን ለላፕቶፕ ዲስክ የተሠራው ኬዝ የዴስክቶፕ ዲስክ አይዝም። እንደ ማስቲካ ቀጭን ለሆነው ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ ዳታን በቺፕ የሚይዝ ዲስክ) ደግሞ ኬዙ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ እኔም 2,400 ብር በልቶኛል። ኤንቪኤምኢ እና ሳታ የሚባሉት ሁለት የኤስኤስዲ ዓይነቶች ቅርጻቸው አንድ ይመስላል እንጂ በአንዱ ኬዝ ሌላው አይሠራም። ሁለቱንም የሚቀበል ኬዝ አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል። ኤስኤስዲውን ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ አስሞክሩ። «ይሠራል፣ ችግር የለውም» ብሎ የሸጠልኝ ልጅ ስመለስ አላወቀኝም።

ሰክታችሁ ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ከጠየቀ እሺ እንዳትሉ። ባለ 48 አሃዝ የቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስኩን የሚቆልፍበት) ቁልፍ ከጠየቀ ደግሞ ቁልፉ ብዙ ጊዜ ማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጧል። እሱ ከሌለ ኬብልም ጥገና ቤትም አያድናችሁም።

ጥገና ቤት መቼ? በደህና አዳፕተር ጭራሽ የማይሽከረከር ከሆነ፣ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ ወይም ጠቅ ጠቅ ማለቱን ካላቆመ። ያኔ ደጋግማችሁ አታስነሱት። የማይሽከረከረው ብዙ ጊዜ ተስፋ አለው። ከዲስኩ ሥር ባለው ቦርድ ላይ ቮልቴጅ ሲበዛ ራሷን ሾርት አድርጋ ሌላውን የምታተርፍ ትንሽ ዳዮድ አለች። የገባው ሰው እሷን በካውያ ነቅሎ ዲስኩን ሊያስነሳው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ መከላከያ ስለማይኖረው ዳታውን ገልብጦ መጣል ነው።

«ቦርዱን እንቀይራለን» ካሏችሁ ግን ጠንቀቅ በሉ። የአንድ ወንድሜን ዲስክ በ12,000 ብር ቦርድ እንቀይር ብለውት ነበር። «ሮም ቺፑንስ ታዛውራላችሁ?» ብለህ ጠይቅ አልኩት። «አያስፈልግም» አሉ። ያስፈልጋል። በአብዛኛው ዘመናዊ ዲስክ ያ ቺፕ የዚያን ዲስክ የራሱን ልክ ይይዛል፤ ከሌላ ዲስክ የመጣ ቦርድ ሞዴሉ አንድ ቢሆንም አያነበውም። ዲስኩን ይዞ ወጣ። መገናኛ ያገኘው ሌላ ሠራተኛ ቺፑን አዛውሮ በ9,000 ጨረሰለት፤ ክፍያውም ዳታው ታይቶ ነበር። እናንተም እንደዚያ ተዋዋሉ። ቀብድ ከፈለጉ ለምርመራ ብቻ ይሁን። የዲስኩን ክዳን ጠረጴዛ ላይ ሊከፍት የሚነሳ ካያችሁ ደግሞ ነጥቃችሁ ውጡ፤ ውስጡ አቧራ ከገባ ሌላውም ባለሙያ ይቸገራል።

የተቃጠለ ኤስኤስዲ ከሆነ ግን በቦርድ መቀየር የሚወጣ ነገር የለም፤ ዳታው ያለው እዚያው ቦርድ ላይ ነው። ለእሱ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት እኔ ሁለቴ አስባለሁ።

የእኔ ኬብል አሁን ያቺ የሂሳብ ጓደኛዬ ጋ ነው። ከወሰደችው 3 ወር ሆነው። ለእሷ ቢሮ የራሷን ግዢ ብያታለሁ፤ «ዋጋው ይውረድ እስቲ» ትላለች። የምትፈልጉት እሷ ጋ ሂዱ፤ ስትመልሱ አዳፕተሩን እንዳትረሱት ብቻ።