ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ከርቀት ለማንሳት፡ ረጅም ሌንስ፣ ሪሞት ወይስ ድሮን?

ባሌ ወይ ሰሜን ተራሮች ልሄድ ነው ያለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሚጠይቀው "የትኛው ዙም ይሻላል?" ነው። ከሱ በፊት ግን አንድ ነገር መለየት አለበት፣ ካሜራው ከእንስሳው እንዲርቅ ነው ምትፈልጉት ወይስ እናንተ ከካሜራው እንድትርቁ? ሁለቱ ለየቅል ናቸው። የመጀመሪያው ከሆነ ብሩ በሙሉ ሌንስ ላይ ነው ሚሄደው፣ ሁለተኛው ከሆነ ግን ከካሜራው ጋር የመጣችው 18-55 ሌንስ (ቁጥሩ ሚሜ ነው፣ ሲተልቅ ሩቁን ያቀርባል) ራሷ ትበቃለች፣ ወጪው ሪሞት ላይና ቢረገጥ ቢቆሽሽ አንጀት በማይቆርጥ አሮጌ ቦዲ (ካሜራው ያለ ሌንሱ) ላይ ነው። ይሄን ሳይለይ ዶላር ያወጣ ሰው ወይ 2 ኪሎ ሌንስ ተሸክሞ አጠገቡ ያለ ጭላዳ አፍንጫ ያነሳል፣ ወይ ሪሞት ይዞ ሳነቴ (ባሌ ያለው ሰፊ አምባ) ላይ ሙሉ ቀን ሳር ሲያነሳ ይውላል።

ቀይ ቀበሮ ሳነቴ አምባ ላይ 4000 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው ሚኖረው፣ ደግነቱ ቀን ነው ሚያድነው፣ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ ጆሮውን ቀስሮ ደርቆ ይቆምና ድንገት ይዘላል። ሜዳው ገላጣ ስለሆነ በየት በኩል እንደሚመጣ መገመት አይቻልም፣ ካሜራ ተክላችሁ ብትጠብቁ ሊያልፍባችሁ ሚችልበት ቦታ ሺ ነው። ስለዚህ እዚህ ረጅም ሌንስ ነው፣ በቃ። ከጎባ ወደ ዶሎ መና ሚወስደው መንገድ አምባውን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ደግሞ ከመኪና ሳትወርዱ ነው ምታነሱት፣ መኪናውን ብዙም አይሸሽም፣ ሰው ሲወርድ ነው ሚሄደው። ጭላዳ ግን ሌላ ነው፣ ሰሜን ተራሮች ሳንቃበር አካባቢ መንጋው ሳር እየነጨ ሰው ቢጠጋው ግድ የለውም፣ እዛ ሚጎድለው ርቀት ሳይሆን አንግል ነው፣ ካሜራው መሬት ላይ ተኝቶ ከኋላ ገደሉ እንዲታይ ትፈልጋላችሁ እናንተ ግን እዛ መሬት ላይ ተጋድማችሁ መንጋው በተፈጥሮው አይመላለስም። እዚህ ነው ሪሞት ሚገባው።

ረጅም ሌንስ

አዲስ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው አዲሱ የካሜራ ዓይነት) ያለው ሰው ሶስት ምርጫ አለው። ሶኒ 200-600፣ ኒኮን ዜድ 180-600፣ ካኖን አርኤፍ 200-800። ሶስቱም 2 ኪሎ ገደማ ናቸው፣ ሲወጡ ዋጋቸው በቅደም ተከተል 2000፣ 1700 እና 1900 ዶላር አካባቢ ነበር። ሶኒና ኒኮኑ ዙም ሲደረጉ አይረዝሙም፣ ሁሉ ነገር ውስጥ ነው ሚንቀሳቀሰው፣ ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል ግን የሳነቴን አቧራ ያየ ሰው ያውቀዋል፣ ሚረዝም ሌንስ በወጣ በገባ ቁጥር አቧራ የመሳብ ዕድሉ ይበዛል። ካኖኑ ይረዝማል፣ በምትኩ 800 ድረስ ይደርሳል፣ 800 ላይ ግን ኤፍ 9 ነው (ይሄ ቁጥር ሲበዛ ሌንሱ ሚያስገባው ብርሃን ያንሳል)፣ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቀበሮው ሲወጣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት፣ ሲበዛ ፎቶው ይሻክራል) ወደ 6400 ምናምን መውጣቱ አይቀርም። እኔ ከሶስቱ ቦዲ ሳልቆጥር ምረጥ ብባል ኒኮኑን ነው ምወስደው፣ ዋጋው ይረክሳል 180 ላይ ደግሞ ቀበሮውን ከነሜዳው ማሳየት ይቻላል። ግን ለሌንስ ብላችሁ ብራንድ አትቀይሩ፣ ሶኒ ቦዲ ካላችሁ ሶኒውን ግዙ።

ካኖን አርኤፍ ያለው ግን ብር ያነሰው ሰው 800 ኤፍ 11 ሚባለውን ይይ። 1.26 ኪሎ ብቻ ነው፣ ሲወጣ 900 ዶላር ነበር። አፐርቸሩ (የብርሃን ቀዳዳው) አይከፈትም አይዘጋም፣ ሁሌ 11 ነው፣ ከ6 ሜትር በታች ፎከስ አያደርግም፣ ኦቶፎከሱም የፍሬሙን መሃል እንጂ ጠርዙን አይሸፍንም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ በጠራ ሰማይ ለቆመ እንስሳ ይሰራል፣ ለሚሮጥ ወይ ለደመና ቀን ግን አልመክርም።

እዚህ ሀገር አብዛኛው ፎቶ አንሺ ግን ሰርግ ሚሰራበትን 5ዲ ማርክ 3 ወይ 80ዲ ነው ይዞ ሚሄደው። አርኤፍም ዜድም ሚባለው የካኖንና የኒኮን ሚረርለስ ሌንስ እንደነዚህ ባለ ዲኤስኤልአር (መስታወት ያለው የቆየው ዓይነት) ላይ አይገጥምም፣ ሻጩ አዳፕተር አለው ቢላችሁ አትመኑ፣ አዳፕተሩ ከአሮጌ ሌንስ ወደ አዲስ ቦዲ እንጂ በተቃራኒው አይሄድም። ለናንተ ሲግማ 150-600 ኮንቴምፖራሪ ወይ ታምሮን 150-600 ጂ2 ያገለገለ ፈልጉ፣ ሁለቱም 2 ኪሎ ገደማ ናቸው፣ 80ዲ ላይ ሲገጠም ሴንሰሩ (ምስሉን ሚቀበለው ቺፕ) አነስ ያለ ስለሆነ 600ው እንደ 960 ያሳያል። ወደፊት ሚረርለስ ብትገዙም በአዳፕተር አብሯችሁ ይሄዳል፣ ስለዚህ ዲኤስኤልአር ላለው ሰው ከሁሉም ይሄ ያዋጣል ባይ ነኝ።

ኒኮን ፒ1000 እና ፒ950ስ? ጨረቃ ሲያነሱበት በቪዲዮ ያየ ሁሉ ይጠይቃል። ፒ1000 እስከ 3000 ሚሜ፣ ፒ950 እስከ 2000 ሚሜ ድረስ ይስባሉ፣ ሌንሱ ተለይቶ አይገዛም፣ ፒ950 1 ኪሎ ነው። ሴንሰራቸው ግን እንደ ስልክ ትንሽዬ ነው፣ ፒ1000 ጫፍ ላይ ኤፍ 8 ነው፣ ብርሃን ሲቀንስ ፎቶው ውሃ ቀለም ይመስላል። ደግሞ አንድ ማንም ማይነግራችሁ ነገር አለ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይርገበገባል፣ በመቶዎች ሜትር ርቆ ያለ እንስሳ በ3000 ሚሜ ስታዩት ሚዋኝ ነው ሚመስለው፣ የትኛውም ሌንስ ያን አያስተካክለውም፣ የ5000 ዶላርም ቢሆን። ወፍ ለይቶ ለማወቅ፣ ለማስታወሻ፣ ለቪዲዮ ፒ950 ደስ ሚል ዕቃ ነው። ፎቶ አትሞ ሊሸጥ ላሰበ ሰው ግን አይሆንም፣ ከሁለቱ ደግሞ ፒ950 ነው ሚሻለው፣ ጫፉ 6.5 ነው፣ ቀለል ይላል፣ ያቺን ተጨማሪ 1000 ሚሜ መቼም በደንብ አትጠቀሙባትም።

ትራይፖድ መኪና ውስጥ አይዘረጋም፣ ስለዚህ ባዶ የጨርቅ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱና ጎባ ገበያ ላይ ባቄላ ወይ ሽንብራ ሙሉት፣ መስኮቱ ላይ አድርጋችሁ ሌንሱን ታስተኙበታላችሁ። ሞተር ይጥፋ። ስትመለሱ እህሉን ለሾፌሩ ወይ ለስካውቱ (አብሯችሁ ለሚሄደው የፓርክ ጠባቂ) ስጡት።

ሪሞት

እዚህ ላይ ነው ሰው ሚደናገረው ምክንያቱም ከ5 ሜትር እስከ 500 ሜትር ሚሰራው ሁሉ "ሪሞት" ነው ሚባለው።

ርካሿ ኢንፍራሬድ ናት፣ እንደ ካኖን አርሲ-6 እና ኒኮን ኤምኤል-ኤል3 ያለችው፣ 5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው ምትሰራው፣ እሷም ካሜራው ፊት ያለውን ቀዳዳ ስታይ። ፀሐይ ላይ ደግሞ ትደክማለች። ለቤተሰብ ፎቶ ትሁን። የካኖን ቢአር-ኢ1 ብሉቱዝ ናት፣ ፊት ለፊት መሆን አያስፈልጋትም ግን እሷም ያው 5 ሜትር ናት።

የስልክ አፕ ነፃ ነው፣ የካኖን ካሜራ ኮኔክት፣ የኒኮን ስናፕብሪጅ፣ የሶኒ ክሪኤተርስ አፕ። ትልቁ ጥቅሙ ካሜራው ሚያየውን ስልካችሁ ላይ ማየታችሁ ነው፣ ጣታችሁን አስቀምጣችሁ ፎከስ ታደርጋላችሁ። ችግሩ ዋይፋዩ ሜዳ ላይ ከ10 ሜትር ብዙም አይዘልም፣ ባትሪ ይጨርሳል፣ በዛ ላይ ስልኩ "ይሄ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም" ብሎ ራሱ ወደ ዳታ ይዞራል፣ ልክ እንስሳው ሲመጣ ይቋረጣል። ዳታውን አጥፍታችሁ ጀምሩ። በረንዳችሁ ላይ ውሃ አስቀምጣችሁ ወፍ ለማንሳት ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ምንም አትግዙ፣ ይሄ ይበቃል።

ሬዲዮ ነው ዋናው። ዮንግኑኦ አርኤፍ-603 ጥንድ ሆና ነው ምትመጣው፣ አንዷ ካሜራው ላይ በኬብል፣ አንዷ እጃችሁ ላይ፣ ካርቶኑ 100 ሜትር ይላል። መሬት ላይ ካስተኛችኋት ግን ርቀቱ በጣም ይወድቃል፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ መሬት እየታከከ መሄድ አይወድም፣ እርጥብ ሳርም ይውጠዋል። መፍትሄው ረዘም ያለ ኬብል ገዝቶ ሪሲቨሯን (የካሜራው በኩል ያለችውን) ድንጋይ ወይ እንጨት ላይ ከፍ ማድረግ ነው። ባትሪዋ ተራው ትሪፕል ኤ ነው፣ የትም ሱቅ አለ። ፖኬትዊዛርድ ፕላስ 3 ደግሞ እስከ 500 ሜትር ይላል፣ የስታዲየም ፎቶግራፈሮች ከጎል ጀርባ ሚተክሉትን ካሜራ ሚተኩሱበት ዓይነት ነው፣ ዋጋው ግን የዮንግኑኦን ብዙ እጥፍ ነው፣ የካሜራው ኬብል ለብቻው ይገዛል። ለጭላዳ ከ30 እስከ 50 ሜትር ይበቃችኋል፣ ስለዚህ ዮንግኑኦ። ስፖርት ምትሰሩ ከሆነና ካልተኮሰ ከሥራ ሚያስወጣችሁ ከሆነ ፖኬትዊዛርድ።

ሁለቱም ግን ይተኩሳሉ እንጂ አያሳዩም። ከሩቅ ማየትም ማስተካከልም ከፈለጋችሁ ካምሬንጀር ሚባል ሳጥን አለ፣ በዩኤስቢ ካሜራው ላይ ይሰካና የራሱን ዋይፋይ ይፈጥራል፣ ከካሜራው ዋይፋይ በጣም ይርቃል። ቆንጆ ነው ግን ሌላ ቻርጅ ሚደረግ ዕቃ ነው፣ ተራራ ላይ እያንዳንዱ ቻርጅ ሚፈልግ ነገር ዕዳ ነው።

ነፃ የሆነውን ደግሞ ሰው ይረሳዋል፣ ብዙ ካሜራ ሜኑ ውስጥ ኢንተርቫል ሚል አለ፣ በየ5 ሰከንዱ አንሳ ብላችሁ ትታችሁት ትሄዳላችሁ፣ በሰዓት 720 ፎቶ ነው፣ 700ው ሳርና የጭላዳ ጀርባ ይሆናል። ሪሞት ሳትገዙ በፊት አንድ ቀን በሱ ሞክሩ።

ጭላዳ ላይ አሰራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ስካውቱን ጠይቁ፣ መንጋው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ከናንተ በላይ ያውቃል። ከፊታቸው ራቅ ብላችሁ ካሜራውን አስቀምጡ፣ ከስሩ የአሸዋ ከረጢት፣ ሌንሱ 18 ወይ 24፣ ፎከስ በእጅ 1 ሜትር ተኩል ላይ አድርጋችሁ ቀለበቱን በፕላስተር አጣብቁት፣ ኦቶ ላይ ከተዋችሁት ሳሩን ነው ሚይዘው። ሻተር (የመተኮሻ ፍጥነት) 1/500 ሰከንድ፣ አይኤስኦ ኦቶ። ከዛ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ሚረርለስ ከሆነ ድምፅ አልባውን ሻተር ክፈቱት፣ ዲኤስኤልአር ከሆነ መጀመሪያ ጠቅ ሲል ቀና ብለው ያያሉ፣ እሱ ራሱ ጥሩ ፎቶ ነው። ጉጉት ያለው ጎረምሳ ቀርቦ ሊነካካው ይችላል፣ ማንጠልጠያውን አውልቁት። ምግብ አስቀምጦ መሳብ ሚባል ነገር አይታሰብም።

የእንቅስቃሴ ሴንሰር

እናንተ እንቅልፍ ላይ ሆናችሁ እንስሳው ራሱ ሚተኩሰው ነው። እንግሊዛዊው ዊል ቡራርድ ሉካስ በፈረንጆቹ 2019 ይፋ የሆነውን የኬንያ ላይኪፒያ ጥቁር ነብር ያነሳው በዚህ ነው፣ ሴንሰር፣ ካሜራና ፍላሽ መንገዱ ላይ ተክሎ። ሴንሰሩ ሚለየው ሚንቀሳቀስ ሙቀትን ስለሆነ ፀሐይ ያሞቀው ሳር በነፋስ ሲወዛወዝም ይተኩሳል። ለሌሊት አውሬና ጠባብ መሄጃ ላለው ቦታ ነው ሚሆነው፣ ለባሌው ሐረና ጫካ እንጂ ለሳነቴ ሜዳ አይደለም። እዚህ ላይ ያገለገለ ርካሽ ዲኤስኤልአር አዲሱን ሚረርለስ ያስከነዳል፣ ተኝቶ ብዙ ቀን ይቆያል፣ ሲነካም ቶሎ ይነቃል፣ ሚረርለሱ ባትሪ ይበላል ለመንቃትም ይዘገያል። ትሬይል ካሜራ ሚባለው ሁሉን በአንድ የያዘ ሳጥን ርካሽ ነው፣ ምን እንዳለፈ ለማወቅ እንጂ ለሚያምር ፎቶ አይደለም። የትኛውንም ፓርክ ውስጥ ትታችሁ ለመሄድ ፈቃድ ያስፈልጋል። የቀይ ቀበሮ ጎሬ አጠገብ ደግሞ በፈቃድም አትትከሉ፣ በዓለም ላይ የቀሩት ትልልቆቹ ከ500 በታች ናቸው፣ ከተረበሹ ግልገል ይዘው ይሰደዳሉ።

ድሮን

አጭር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም አይቻልም፣ ፈቃዱ በኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) በኩል ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ደብቆ ቦሌ መድረስ ዕቃውን ማጣት ነው። ማቪክ 3 ፕሮ 166 ሚሜ ሌንስ አለው፣ ፈቃድ ላለው የዶክመንተሪ ቡድን ለመልክዓ ምድር ይሆናል። ለእንስሳ ግን ድምፁ ብቻውን ይበትናቸዋል።

ከውጭ ለምታስልኩ

አሜሪካ ወይ አውሮፓ ያለ ዘመድ በመንገደኛ ሊልክላችሁ ከሆነ፣ ሌንስ የትም ቢገዛ ያው ነው፣ ሬዲዮ ሪሞት ግን አይደለም። ፖኬትዊዛርድ የአሜሪካው 340 ሜጋኸርዝ አካባቢ፣ የአውሮፓው 433 ላይ ነው ሚሰራው፣ አንዱን ከዲሲ አንዱን ከፍራንክፈርት ብታስመጡ በጭራሽ አይነጋገሩም፣ ጥንዱን ከአንድ ቦታ አስገዙ። ኬብሉም እንደዛው፣ ካኖን 5ዲ ማርክ 3 እና አር5 ኤን3 ሚባለውን ክብ መሰኪያ፣ 80ዲ እና አር6 ደግሞ ኢ3 ሚባለውን እንደ ቀጭን ጃክ ያለውን ነው ሚቀበሉት። ዮንግኑኦ ላይ ሲ3 ሚለው ለመጀመሪያው፣ ሲ1 ሚለው ለሁለተኛው ነው። "ለካኖን" ብቻ ብላችሁ እንዳትልኩ፣ የካሜራችሁን ጎን ጎማ ገልጣችሁ ቀዳዳውን በስልክ አንሱና ፎቶውን ላኩለት።